ሰበብ ያጣ ደሴት

«አገር እንዲህ ሆና አንተ ደሴት ላይ ትሮጣለህ?»

ይህችን አስተያየት ያላነበበ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ዓመት ሙሉ ሠርቶ፣ ቆጥቦ፣ ዛንዚባር ወይም ሌላ ደሴት ይሄዳል። እዚያ የሚኖሩ የድሮ ጓደኞቹን ይጠይቃል፤ በዚያው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይሮጣል፤ የደረት ቁጥሩን ሳይፈታ የተነሣውን ፎቶ ይለጥፋል። ከሥሩ ስድቡ ይዘንባል። «ሕዝብ እያለቀ!»፣ «ዶላር ተርፎሃል ማለት ነው»፣ «ደግሞ አንተ ሯጭ ነህ?»

በሌላ በኩል መሥሪያ ቤቶቻችን ጠዋት ማታ ቱሪዝም ይላሉ። ሎጅ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በድሮን የተቀረጸ ቪዲዮ በሙዚቃ ታጅቦ ይለቀቃል።

ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚጋሩት አንድ ስሕተት ነው። ሁለቱም ዕረፍትን የጠገበ ሰው ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ተሳዳቢው «ለጠገበ ነው» ብሎ ይኮንነዋል፤ ባለሥልጣኑ «ለጠገበ ነው» ብሎ አልጋ ይሠራለታል። የእኔ ክርክር ከሁለቱም ጋር ነው። አንድ ደሴት፣ አንድ ሩጫና ጥቂት ወዳጆች የሚገናኙበት ቀለል ያለ ጉዞ ቅንጦት አይደለም። ከባሕላችንም የወጣ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከጥንት ጀምሮ አሳምረን የምናውቀው የጉዞ ዓይነት እሱ ነው። የጎደለን አልጋ ሳይሆን ሰበብ ነው፤ ከሰበቡም በፊት መንገድ።

◾ ያለ ሰበብ አንሄድም

«ሐበሻ አይጓዝም» የሚል ሰው ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢን አላየም። መስከረም 21 ግሸንን፣ ለገና ላሊበላን፣ ለጥምቀት ጎንደርን አላየም። ሕዝቡ በአውቶቡስ፣ በአይሱዙ፣ በእግሩ ይተማል። ሆቴል ሞላ ብሎ የሚመለስ የለም። ዘመድ ቤት ያድራል፤ የዘመድ ዘመድ ቤት ያድራል፤ እሱም ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል።

ልብ በሉ፤ ቁልቢ የሄደ ሰው ስለቱን ብቻ አድርሶ አይመለስም። በዚያው ድሬዳዋ ወርዶ ገበያ ይዞራል፣ አክስቱን ይጠይቃል፣ አብሮ አደጉን ፈልጎ ቡና ይጠጣል። ጉዞው መንፈሳዊ ነው፤ ዘመድ ጥየቃም ነው፤ ዕረፍትም ነው። ሦስቱን ለያይቶ ሒሳብ የሚይዝ የለም።

ውጭ ያሉትስ? እ.ኤ.አ. በ1984 ሂዩስተን ላይ የተጀመረውን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ተመልከቱ። በየዓመቱ ክረምት ላይ ከተማ እየቀያየረ ይካሄዳል። ሰው ሥራውን ፈቃድ ጠይቆ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ይሄዳል። ለኳሱ ነው? ከስታዲየሙ የገባው ሁሉ ውጤቱን ቢጠየቅ ስንቱ ይመልሳል? ሰው የሚሄደው ከ20 ዓመት በፊት የተለየውን የክፍል ጓደኛውን ድንኳን ሥር ለማቀፍ ነው። ኳሱ ሰበብ ነው። ግን ያለ ኳሱ ማንም አይመጣም ነበር። ሰበብ ንቀን የምናልፈው ነገር አይደለም።

የቢሮው ዓለምም ይህን ያውቃል። ስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ያየው በራሱ ፈቃድ ነው? በወርክሾፕ ነው ያየው። የሦስት ቀን ሥልጠና፣ የቡና ዕረፍት፣ አበል፣ ማታ ሐይቅ ዳር ዓሣ። ዘመናዊው አስተዳደራችን የፈጠረው ትልቁ የአገር ውስጥ ቱሪዝም ሰበብ ስብሰባ ነው ብል አጋነንክ አትሉኝም። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሕዝብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ዝም ብዬ ልዝናና» ብሎ ከቤት መውጣት ለብዙዎቻችን ያሳፍራል። ለእናት መንገር ይከብዳል። «ለሰርግ ነው»፣ «ለንግሥ ነው»፣ «ለለቅሶ ነው» ሲባል ግን ሁሉም ይመርቃል። እኛ ለማየት የምንሄድ ሕዝብ አይደለንም፤ ለመገኘት የምንሄድ ሕዝብ ነን። የቱሪዝም ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ቢረዱ ኖሮ ግማሹን ሲሚንቶ ይቆጥቡ ነበር።

◾ ሆኖሉሉ የገባት ነገር

ሩጫ ለአንድ ደሴት ምን ያህል ሰበብ ሊሆን እንደሚችል ከሆኖሉሉ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ሃዋይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለች የደሴቶች ስብስብ ናት። ከየትም ብትነሡ ሩቅ ናት። የሆኖሉሉ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር የሮጠው ሰው 200 አይሞላም ነበር። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ ማራቶኖች አንዱ ነው። የሚሮጠው በታኅሣሥ መግቢያ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ሁለተኛ እሑድ፣ ከገናቸው በፊት ነው።

ምን አደረጉ? ከጥንስሱ ጀምሮ አብሮ የነበረው ጃክ ስካፍ የተባለ የልብ ሐኪም ነው። ለልብ ሕሙማኑ ቀስ ብሎ ረጅም መሮጥን እንደ መድኃኒት የሚያዝዝ ሰው ነበር፤ በየሳምንቱ እሑድ በመናፈሻ ውስጥ ሰው እየሰበሰበ ለማራቶኑ ያዘጋጅ ነበር። ከዚህ መንፈስ የወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል። የተሳታፊ ቁጥር ገደብ የለውም። የሰዓት ገደብም የለውም። በስንት ሰዓት ጨርስ የሚል የለም፤ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ይጠበቃል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ይነሣሉ፤ ለገና በመብራት ያሸበረቀውን መሃል ከተማ አቋርጠው፣ በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ አልፈው፣ አሮጌውን የእሳተ ገሞራ ተራራ ዞረው ይመለሳሉ። ከሯጮቹ እጅግ ብዙዎቹ ጃፓናውያን ናቸው፤ የውድድሩ ዋና ስፖንሰርም የጃፓን አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱ ለምን ስፖንሰር እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል? ሯጭ በእግሩ ከቶኪዮ ሆኖሉሉ አይደርስም።

አሁን ወደ እኛ ላምጣው። እዚያ ውድድር ላይ አፍሪካውያን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስም አላቸው። ኬንያዊው ኢብራሂም ሁሴን ከ1985 እስከ 1987 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎበታል። ከእኛም በላይነሽ ዘመድኩን በ2010፣ ወይንሸት ግርማ በ2011 አሸንፈውበታል። ክብር ይገባቸዋል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለደሴቲቱ የሚጠቅማት አንደኛ የሚወጣው ነው ወይስ መጨረሻ የሚገባው?

አንደኛው ሽልማቱን ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ልምምዱ ይመለሳል። ሥራው ነውና። በሰባትና በስምንት ሰዓት የሚገባው ግን ከሳምንት በፊት ነው የመጣው። ሚስቱን፣ እናቱን፣ የልጅነት ጓደኛውን ይዞ ነው የመጣው። ከሩጫው ማግሥት እግሩ ስለታሰረ የትም አይሄድም፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያወራል። በሚቀጥለው ዓመትም «ሰዓቴን ላሻሽል» ብሎ ይመለሳል። የመጨረሻው ሯጭ ነው ደሴቱን የሚያበላው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት እኛ ነን የፈጠርነው፤ የሠሩበት ግን እነሱ ናቸው።

◾ የወርቅ አገር፣ የሩጫ ድኃ

እኛ ዘንድ ሩጫ ወርቅ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ጀምሮ ሩጫ ማለት ባንዲራ፣ መዝሙር፣ እንባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሩጫ እንጀራ ሆኗል። በቆጂ ወይም እንጦጦ ላይ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጠው ልጅ ለደስታ አይሮጥም፤ የቤተሰቡን ጣሪያ ለመቀየር ነው የሚሮጠው። አልፈርድበትም፤ የሚፈረድበት ሌላ ነው። ሩጫን ለሚያሸንፍ ብቻ የተፈቀደ ሥራ ያደረግነው እኛ ነን። የ45 ዓመት ሴት በሠፈሯ ሮጣ ብታልፍ «ምን ሆና ነው?» እንላለን። ወፈር ያለ ሰው ቁምጣ ለብሶ ከወጣ ልጆች ይከተሉታል።

ከዚህ አስተሳሰብ ያወጣን ታላቁ ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኃይሌ ገብረሥላሴ አነሣሽነት ሲጀመር 10,000 ሰው ተመዘገበ፤ የመጀመሪያውንም ራሱ ኃይሌ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ሆኗል። አሸናፊዎቹን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የምናስታውሰው ቲሸርቱን፣ ከበሮውን፣ መንገድ ዳር ውኃ የሚረጩትን፣ ከአራት ኪሎ ሜትር በኋላ ተቀምጦ የሚስቀውን ጓደኛችንን ነው። ለኅዳሩ ሩጫ ብለው ከክፍለ ሀገርና ከውጭ የሚመጡ አሉ። በዚያው ዘመድ ይጠይቃሉ። ሐዋሳ ላይም ግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀ ከአዲስ አበባ ሰው ይወርዳል፤ ቅዳሜ ይገባል፣ እሑድ ይሮጣል፣ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዓሣውን ይበላል።

ስለዚህ «የእኛ ሕዝብ ለሩጫ ብሎ አይጓዝም» የሚል ካለ መልሱ ከተሰጠው ቆይቷል። ሕዝቡ ሄዷል። ያልሄደው አስተሳሰባችን ነው።

◾ ደሴት ሞልቶናል

ባሕር የለንም፤ ደሴት ግን ሞልቶናል። ጣና ላይ ብቻ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው። ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ቅርብ ነው። ደቅ ገበሬ የሚኖርበት፣ እህል የሚዘራበት ሰፊ ደሴት ነው፤ በዚያው እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ዘጌ ልሳነ ምድር ብትሆንም መንገዷ በጀልባ ነው፤ በቡና ጫካ ጥላ ሥር ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእግር የሄደ ሰው ያችን ጥላ አይረሳትም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ደንበል አለ፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ እያልን የምንጠራው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ጽዮን ማርያም ያለችበት። ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ የተጠለለችው እዚህ ነው የሚል ትውፊት አለ። በደሴቶቹና በሐይቁ ዳርቻ የዘይ ሕዝብ ይኖራል፤ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ ዓሣ አስጋሪና ገበሬ። ከአዲስ አበባ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ደሴት፣ የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ዝዋይን የሚያውቃት ወደ ሐዋሳ ሲያልፍ ቁርስ የበላባት ከተማ ስትሆን ነው።

ለሩጫም ይመቻሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጣና ወደ 1,800 ሜትር፣ ደንበል ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከላይ የወረደ ሯጭ ሳንባው ይቀለዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። «ዳጋ ላይ ማራቶን እናድርግ» እያልኩ አይደለም። ዳጋና ክብራን ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው፤ የገዳም ሥርዓት ለቁምጣና ለድምፅ ማጉያ አይሰበርም። ሩጫው በየብስ፣ በከተማውና በሐይቁ ዳር ይሁን። ደሴቱ የማግሥቱ ነው፤ እግር ሲታሰር በጀልባ የሚሄዱበት፣ ልብስ አስተካክለው፣ ዝም ብለው የሚገቡበት። ዋናም አይመከርም፤ ጣናም ደንበልም ጉማሬ አላቸው፣ ቢልሃርዚያም አለባቸው። የወባ ነገርም አይረሳም። ይህን ሁሉ ለእንግዳ በግልጽ መንገር ነውር የለውም። ነውሩ ደብቆ መጋበዝ ነው።

◾ ሲሮጡ የታጠቁት

እኛ ግን ሰበቡን ትተን አልጋውን መረጥን። እ.ኤ.አ. በ2020 «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ 3 ቢሊዮን ብር ለማሰባሰብ፣ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት ነበር። ሁለቱ ውኃ ናቸው፤ ጎርጎራ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው፣ ወንጪ ደግሞ በመሃሉ የደሴት ገዳም ያለበት ሐይቅ። ሥራው መሠራቱን አልነቅፍም። ሎጅ ሲሠራ መንገድ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል፣ ጥቂት ወጣት ሥራ ያገኛል። ይህን መካድ ጭፍንነት ነው።

ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ማን ነው የሚያድረው? መምህሩ? ነርሷ? የባንክ ሠራተኛው? የእነሱን ደመወዝና የአንድ ሌሊት ዋጋ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መልሱን ያገኘዋል። የውጭው እንግዳ ደግሞ መንገዱ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ስለዚህ አዳራሹን የሚሞላው ማን ይሆናል? እንደለመድነው ስብሰባ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። አልጋ ብቻውን እንግዳ አይጠራም። እንግዳ የሚጠራው ቀን ነው፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ እንገናኝ» የሚል ቀን። ቁልቢን የሞላው ሆቴል አይደለም፤ ታኅሣሥ 19 ነው። አንድ ከተማ ሯጭ ለመጥራት የሚያስፈልገው ቀን መቁረጥ፣ መንገድ ለጥቂት ሰዓት መዝጋት፣ ውኃ ማዘጋጀት፣ አምቡላንስ ማቆም ነው። ለአንድ ምረቃ ከሚወጣው ያነሰ ጉዳይ ነው።

◾ ተቃውሞዎቹ

«አገር በጦርነትና በችግር ላይ እያለች መዝናናት ነውር ነው» ለሚለው መልሴ እነሆ። ባሕር ዳር ላይ ጀልባውን አስሮ የተቀመጠውን ባለጀልባ ጠይቁት። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፣ ከነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ፣ ስንት ቀን ሞተሩን አስነሣ? የዘጌውን አስጎብኚ፣ ዓሣ የምትጠብሰውን እናት፣ ታንኳ የሚሠራውን የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ጠይቁ። «እባካችሁ ለክብራችን ስትሉ አትምጡ» የሚል አንድ ሰው ካገኛችሁ ያኔ ስድቡን እቀበላለሁ። ኀዘን መጋራት ማለት የኀዘንተኛውን ገበያ መዝጋት አይደለም። እኛ ለቅሶ ቤት እንኳን እህል ይዘን ነው የምንሄደው።

«ገንዘብ ማባከን ነው» ለሚለው ደግሞ፦ ለአንድ ሰርግ ስንት አዳራሽ እንደምንከራይ፣ ስንት መኪና እንደምንደረድር፣ ከሰርጉ በኋላ ስንት ዓመት ዕዳ እንደምንከፍል የሚያውቅ ሕዝብ ለሁለት ሌሊት ጉዞ ይሰቀጥጠዋል? ወዳጅ ቤት ማደር፣ በሕዝብ ማመላለሻ መሄድ፣ ለአንድ ቲሸርት መክፈል ባካኝ አያሰኝም።

የወዳጅን ቤት ካነሣሁ ግን ሌላም አለ፤ እዚህ ጋ ለራሳችን እውነቱን እንናገር። እንግዳ ሲመጣ ተበድሮ በግ የሚያርድ ባሕል አለን። ባለቤቱ «ኧረ ቤት ያፈራውን» እያለ ከሱቅ በዱቤ ያወጣል፤ እንግዳውም «አያስቸግራችሁ» እያለ ይበላል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ እንግዳው በድጋሚ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። ወዳጅነትን የሚገድለው ይህ ነው። ለሩጫ የሚሄድ እንግዳ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ቡናውን ይዞ ይግባ፤ የልጆቹን ደብተር ይግዛ፤ ማታም እሱ ይጋብዝ። ባለቤቱም ሽሮ ማቅረብን አይፈር። በሽሮ የተገናኘ ወዳጅ በዓመቱ ይመለሳል፤ በበግ የተገናኘ ግን በአሥር ዓመት አንዴ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ እሑድ ጠዋት። ሩጫዎቻችን እሑድ ጠዋት ናቸው፤ ቅዳሴውም እሑድ ጠዋት ነው። በአዲስ አበባ ይህ ብዙ አያነጋግር ይሆናል። ገዳማት በከበቡት ሐይቅ ዳር ግን ያነጋግራል፤ ማነጋገርም አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይሮጥ። እሑድ የሚያስቀድስ ያስቀድስ፣ ከዚያ ጀልባው ይነሣ። የአካባቢው ሰው ሳይጠየቅ የሚመጣ ዝግጅት በዓል አይሆንም፤ ወረራ ነው የሚሆነው።

◾ መንገዱ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይወድቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በየብስ ልሂድ የሚል ሰው ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሆቴሉ አይደለም። «መንገዱ እንዴት ነው?» ነው የሚለው። በገብረ ጉራቻና በጎሃ ጽዮን በኩል ተሳፋሪ መታገቱን፣ ተማሪዎች ከአውቶቡስ መወሰዳቸውን፣ ቤተሰብ ለማስለቀቂያ መሬት መሸጡን ሁላችንም ሰምተናል። ወዳጁን ሊጠይቅ የተነሣ ሰው የሞት ኑዛዜ እንደሚያደርግ ሰው ስልክ እየደወለ የሚሰናበትበት አገር ላይ ስለ ቱሪዝም ፍኖተ ካርታ ማውራት ምን ይባላል?

ሰላም በመግለጫ አይለካም። በየሳምንቱ «አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል» የሚል ዜና እንሰማለን። እኔ የተሻለ መለኪያ አቀርባለሁ። 10 ኪሎ ሜትር። አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አንድ ሺህ ያልታጠቀ ሰው፣ ቁምጣና ካናቴራ፣ ከኋላቸው ሕፃናትና አሮጊቶች፣ ከዳር ቆመው የሚያጨበጭቡ የሠፈር ሰዎች። ይህ ያለ ኮንቮይ፣ ያለ ፒክአፕ፣ ያለ ፍርሃት ከተካሄደ ሰላም አለ ማለት ነው። በየ200 ሜትሩ ወታደር ቆሞ ከሆነ የተካሄደው ሩጫ አይደለም፤ ሰልፍ ነው። ጨርሶ ማካሄድ ካልተቻለ ደግሞ መግለጫውን አቁሙ።

ይህን የምለው ለመንግሥት ብቻ አይደለም። ጠመንጃ ይዞ ጫካ ለገባውም ነው፤ ስለ ሕዝቡ እታገላለሁ የሚል ሁሉ ሕዝቡ በገዛ መንገዱ ላይ እንዲሮጥ፣ ወዳጁን እንዲጠይቅ፣ ባለጀልባው ሞተሩን እንዲያስነሣ መንገዱን መልቀቅ ይችላል። መንገድ የዘጋ፣ በማንም ስም ይዝጋው፣ የዘጋው የድኃ መሶብ ነው።

◾ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለከተማ አስተዳደሮች፦ በጣና ላይ ዛሬ የማይቻለው በደንበል ሊቻል ይችላል። ከትንሽ ጀምሩ። በ200 ሰው ጀምሩ፤ ሆኖሉሉም ከዚያ ባነሰ ነው የጀመረችው። የሰዓት ገደብ አታድርጉ። የመጨረሻው ሰው ሲገባ አስተናጋጁ ወንበር ጭኖ ሄዶ ከተገኘ ዝግጅቱ ከሽፏል። ባለጀልባዎቹን፣ አስጎብኚዎቹን፣ ካህናቱን፣ የዘይን ሽማግሌዎች ቀድማችሁ አነጋግሩ። ዋጋ በግልጽ ለጥፉ፤ ለሐበሻ አንድ፣ ለዲያስፖራ ሌላ፣ ለፈረንጅ ሦስተኛ ዋጋ በጆሮ የሚንሾካሾክበት ጀልባ ተመላሽ እንግዳ የለውም። ባለሥልጣን መሮጥ ከፈለገ ይሩጥ፤ ንግግር ግን ይቅር። ሯጭ ቆሞ ንግግር ሲሰማ እግሩ ይበርዳል።

ለዲያስፖራው፦ አገር ቤት ስትመጡ ቦሌ ላይ ሆቴል ይዛችሁ፣ ዘመድ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ጠርታችሁ፣ ከ40 ሰው ጋር ለ4 ደቂቃ እያወራችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚያ «አገር ቤት ደከመኝ» ትላላችሁ። የደከማችሁ ግዴታው ነው፤ አገሩ አይደለም። አምስት የልብ ወዳጅ ምረጡ፤ ቀን ቁረጡ፤ «እንሩጥ» በሏቸው። ሁለት ቀን ከአምስት ሰው ጋር መኖር በአዳራሽ ከመቶ ሰው ጋር ከመሳሳም ይሻላል።

ለተሳዳቢው፦ ቁጣህን አልንቀውም። በዚህ አገር የሚያስቆጣ ነገር ሞልቷል። ግን ቁጣህን አድራሻው ላይ ላከው። ቆጥቦ የተጓዘው የባንክ ሠራተኛ አይደለም መንገዱን የዘጋው። ባይሄድ የሚበላ ድኃ የለም፤ ሲሄድ ግን የሚበላ አለ። ይልቅስ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ «ይህ ልጅ ዛንዚባር የሄደው ለምንድን ነው? ደቅ ለምን አልሄደም?» መልሱን ፈልገህ ስታገኝ የምትሰድበው ሰው ይቀየራል።

ለተራው አንባቢ ደግሞ፦ የሚያሸንፍ ሰው አይጠበቅባችሁም። ጫማችሁ አዲስ መሆን የለበትም። መሮጥ ያቃተው ይራመድ። ስልክ አንሡና ከስምንት ዓመት በፊት «እንገናኛለን» ብላችሁ የቀራችሁትን ሰው ደውሉለት። «ለምን ፈለግከኝ?» ሲላችሁ «ሰበብ አገኘሁ» በሉት።

ሯጭ አለን። ደሴት አለን። ወዳጅም፣ ተመስገን፣ አለን። መንገዱን ክፈቱልን፤ የቀረውን እኛው ራሳችን እንሮጠዋለን።